ሦስተኛው በር ላይ የተሸጠው ፉል

በፉል ሻጩ በደሱቂ ቤት የቆርቆሮ ፉል ተገኘ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነበር፤ የግብጿ ከተማ ጣንጣ እንደ ዳቦ ምድጃ ግላ፣ ድመቶቹ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ በሩጫ በሚያልፉበት ሰዓት። ደሱቂ ውሃ ሊጠጣ ማድቤት ገብቶ ብርጭቆውን ከቧንቧው ሥር እንደ ደቀነ ቀና ቢል መስኮቱ ደፍ ላይ አየው። ቆርቆሮው ተከፍቶ፣ ተበልቶ፣ ታጥቦ፣ አፈር ተሞልቶ ናና ተተክሎበታል። ናናው ደግሞ እልህ የተጋባ ይመስል ለምልሟል። ቆርቆሮው ዙሪያውን ሰማያዊ ወረቀት ለብሷል፤ በወረቀቱ ላይ የዋቡር እግር ኳስ ክለብ ዓርማ አለ፣ ከዓርማው ሥር «ሸልባያ ፉል፣ የጀግኖች ቁርስ» ይላል፣ ከጽሑፉ ጎን የክለቡ የድሮ ጎል አግቢ የመትወሊ ፊት አለ። መትወሊ በሠላሳ ሁለት ጥርሱ ይስቃል። ለሰውዬው የቀሩለት ጥርሶች አሥራ ዘጠኝ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሌላውን የጨመረለት ፋብሪካው ነው። ፊቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ቢዞር ደሱቂ ምናልባት ይችለው ነበር። የዞረው ግን ወደ ውስጥ፣ ሚስቱ ኢንሻራህ ሳህን ስታጥብ ወደምትቆምበት ነው። ውሃው ከብርጭቆው ሞልቶ፣ በእጅጌው ገብቶ፣ ብብቱ ድረስ ሲወርድ አልታወቀውም።

የነገሩ ክብደት የሚገባው ደሱቂን ለሚያውቅ ነው። በዋቡር ስታዲየም ሦስተኛው በር ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፉል ሸጧል። የእስክንድርያ ባቡር ጣንጣ ላይ የሚቆመው ሰው ለማውረድ ሳይሆን ነጂው የደሱቂን ፉል እንዲበላ ነው ይባላል፤ የሚለው ራሱ ደሱቂ ነው፣ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተባለ ነገር ተባለ ነው። አንድ ሚኒስትር ጢም ለጥፎ፣ ራሱን ለውጦ መጥቶ ሦስት ሳህን በልቶ ሄዷል። አንድ የጀርመን መሐንዲስ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲያጣጥም አልቅሷል፤ ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ጀርመኖቹ እየበዙ ባለፈው ረመዳን አራት ደርሰው ነበር። አንገተ ቀጭን፣ ሆደ ሰፊ የመዳብ ማሰሮው፣ ቂድራው፣ ጠዋት አርባ ሊትር ይይዛል፤ ከሰዓት በኋላ ደሱቂ ሲያወራ ስድሳ ይገባል። ደንበኞቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ሳህን ያስደግማሉ። ማንም የማያምነው፣ ማንም የማይጠላው ሰው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ሸልባያ መጣ። ዋቡርን ያቋቋሙት የባቡር ጥገና ሠራተኞች ናቸው፤ ከደመወዛቸው ቆርሰው፣ መለያውን ጥቀርሻ በመሰለ ግራጫ አሰፍተው፣ ሜዳውን በእጃቸው ደልድለው። ሸልባያ የቲማቲም ድልህና የታሸገ ፉል የሚያመርት ባለጸጋ ነው። ክለቡን ገዝቶ ግራጫውን አስወልቆ የቆርቆሮውን ሰማያዊ አለበሰው። ትልቁ ሰዓት በነበረበት ማማ ላይ ባለ አራት ሜትር የፉል ቆርቆሮ አቆመ፤ ደሱቂ ሲለካው አሥራ አራት ሜትር ነው። ዘንድሮ ደግሞ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ክለቡ ያለውን አንድ ጎል አግቢ ሸጦ በገንዘቡ ማቀዝቀዣ ያላቸው ሁለት የጭነት መኪናዎች ገዛ። ደጋፊው በየሻይ ቤቱ «ዘንድሮ ፊት ላይ ማን ይሰለፋል?» «መኪናው!» እየተባባለ ይሣሣቃል፤ ሣቁ ግን ከጉሮሮ አይወርድም። ደሱቂን የሚያንገበግበው ከኳሱ ይበልጥ ቆርቆሮው ነው። «ወንድሜ» ይላል ጭልፋውን እንደ ሼኽ ጣት ወደ ላይ ቀስሮ፣ «ባቄላ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። የሱ ሦስት ዓመት ይቆያል ብለው ጽፈውበታል። ሦስት ዓመት! በዚህ አገር ሦስት ዓመት ሳይበሰብስ የሚቆይ ፈርዖን ብቻ ነው። እሱን ያደረቁበትን መድኃኒት ነው ጠዋት ጠዋት የሚያበሉን።» ባለፈው ሰኞ ሦስተኛው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ በዓርቡ የመክፈቻ ግጥሚያ በቦታው ሲሸጥ ያልተገኘ ሻጭ፣ ቦታው ለድርጅቱ የፉል ጎጆ ይሰጣል። ደሱቂ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ «እኔ የማልገኘው ብሞት ነው፤ ብሞትም አስከሬኔን በዚህ በኩል አዙሩት» ብሎ ነበር።

መትወሊ ደግሞ የኢንሻራህ ያጎት ልጅ ነው። ባገሩ ልማድ ያጎት ልጅ ለጋብቻ ቅድሚያ አለው፤ ልጅቱን ሌላ ሰው ሲፈልጋት አስቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የደሱቂ አባት ሁለት ሽማግሌ ይዘው ሄደው ጠየቁት። ያኔ መትወሊ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በትልቁ የካይሮ ክለብ ላይ ያንን ጎል በግንባሩ ካስቆጠረ ገና አሥር ቀኑ፤ ሲያልፍ ሴቶች ከሰገነት እልል የሚሉለት። ኳሱን ከብብቱ ሥር ሳያወጣ፣ በር ላይ እንደ ቆመ፣ «ለደሱቂ? ይውሰዳት፤ አላህ ይባርክላቸው» አለ። ይኸው ነው። የእጅ ውርወራ እንኳ ከዚህ የበለጠ ይታሰብበታል። ደሱቂ ምነው በከለከለኝ፣ ምነው በተጣላን፣ ምነው በዱላ በተፈነካከትን እያለ ሃያ ስድስት ዓመት ተመኘ። የተለገሰውን የራሴ ነው ማለት አቃተው። ዒድ በመጣ ቁጥር ከመትወሊ ጋር ይሳሳማሉ፣ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ ሻዩ እስኪበርድ ጣሪያ እያዩ ይቀመጣሉ።

ያን ቀን ራታቸውን በጊዜ በሉ፤ የተጠበሰ ደበርጃን፣ ዳቦ፣ ነጭ አይብ። ኢንሻራህ ቲማቲም ኪሎው ሃያ አምስት ፓውንድ መግባቱን ነገረችው። «ሽንኩርትስ?» አላት። «ሽንኩርትማ ተወው» አለች። ደሱቂ እጁን ሊታጠብ ተነሥቶ በዚያው ቆርቆሮውን ወደ ውጭ አዞረው። ልብሱን ለውጦ ሲመለስ ወደ ውስጥ ዞሯል። እንደገና አዞረው። ሻዩን ጠጥቶ ብርጭቆውን ሊመልስ ሲገባ መትወሊ እንደገና ወደ ውስጥ ይስቃል። ናናው ወደ ብርሃን ተስቦ እንዳይጎብጥ ኢንሻራህ ባለፈች ባገደመች ቁጥር እንደምታዞረው ቢጠይቃት ትነግረው ነበር። አልጠየቃትም። ሃያ ስድስት ዓመት በኖረ ትዳር ውስጥ አዲስ ጥያቄ መጠየቅ ያሳፍራል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቂድራውን በጋሪ ጭኖ ወደ አሮጌው መታጠቢያ ቤት ገፋው። የፉል ሻጮቹ ማሰሮ ሌሊቱን የሚያድረው የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ በሚያሞቀው ምድጃ ረመጥ ውስጥ ተቀብሮ ነው። ባቄላው ይታጠባል፣ እፍኝ ቀይ ምስር ይታከልበታል፣ ውሃው እስከ አንገቱ ይሞላል፣ አፉ ይታሸጋል፤ ከዚያ እስከ ንጋት የሚነካው የለም። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ የተወለደ ሕፃን የሚያውቀው፦ ጨው ሲበላ እንጂ ሲበስል አይገባም። ጨው የቀደመው ባቄላ ገሃነም ውስጥ ሰባት ሌሊት ቢያድር አይለሰልስም። ደሱቂ ማሰሮው ላይ ጎንበስ ሲል ይታየው የነበረው ግን ባቄላ አልነበረም። መትወሊ መቼ መጣ? በእጁ ነው የሰጣት? ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ? ሻይ አፍልታለታለች? ስንት ስኳር? እጁ ባጠገቡ ወዳለው ከረጢት ተዘረጋ፤ አፈሰ፣ ጨመረ፤ አፈሰ፣ ጨመረ። የእሳቱ ጠባቂ ኸሚስ በአንዲት ዓይኑ ከሩቅ አየውና «ምስር አላበዛህም እንዴ?» አለው። «አንተ እሳትህን ጠብቅ፣ ምስሩን ለኔ ተው» አለና ክዳኑን በጨርቅና በሊጥ አሽጎ ወደ ረመጡ አወረደው።

ዓርብ ንጋት ላይ ክዳኑን ሲከፍት እንፋሎቱ እንደ ወትሮው ፊቱን ሳመው። ጭልፋውን ሰደደ። ጭልፋው እንደ ወትሮው አልሰመጠም፤ ኮረት ላይ እንዳረፈ አካፋ ኮሽ አለ። አንዲት ፍሬ አንሥቶ ነከሰ፤ የጮኸው ባቄላው ነው ጥርሱ አልለየውም። ከዚያ ምላሱ ነገረው። ጨው። ደሱቂ የናቱን ሞት አይቷል፣ ዋቡር ከአንደኛ ዲቪዚዮን ሲወርድ አይቷል፤ እንዲህ ያለ ጥፋት ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነው። ሌላ ማሰሮ ለማብሰል አንድ ሙሉ ሌሊት ያስፈልጋል፤ ግጥሚያው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከሌላ ሻጭ እንዳይገዛ፣ በጣንጣ ውስጥ ባቄላ የነካውን ሰው ሁሉ አንድም ሳያስቀር ሰድቧል፤ ገሚሱን በዘር ማንዘሩ። ማሰሮውን ከድኖ፣ ለኸሚስ ደህና ዋል እንኳ ሳይል ጋሪውን እየገፋ ቤቱ ገባ።

ኢንሻራህ ሰግዳ መስገጃዋን እያጠፈች ነበር። ቂድራውን አየች፤ ፊቱን አየች። ክዳኑን አንሥታ አንዲት ፍሬ ቀመሰች።

«ጨው» አለች።

«ጨው።»

«ምን ነክቶህ ነው አቡ ናድያ? አንተ? ጨው?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ መስኮቱ ላይ የሚገለፍጠውን ጠይቂው።»

ኢንሻራህ ወደ ማድቤቱ ዞር ብላ አየች፤ ወደ ባሏ ተመልሳ አየች። አልተቆጣችም፣ አልሣቀችም። ያገባችው ልጃቸው ናድያ፣ አባቷንም እናቷንም በስሟ ያስጠራችው፣ ትተኛበት ወደነበረው ክፍል ገብታ አልጋው ሥር ተንበርክካ አንድ ካርቶን ሳበች፤ ቀጥላ ሁለተኛ፤ ቀጥላ ሦስተኛ፤ አራተኛው ከአልጋው እግር ጋር ተጣብቆ አስቸገራት። እያንዳንዱ ሃያ አራት ቆርቆሮ ይይዛል።

«ደመወዙን በዚህ ነው የሚከፍሉት» አለች ላቧን እየጠረገች። «መትወሊን። ተጫዋቾቹንም እንዲሁ ነው አሉ። ፊቱን ሲወስዱ ገንዘብ እንሰጥሃለን አሉት፤ ኋላ በወር ስምንት ካርቶን ሆነ። ያ ጣንጣ በትከሻዋ የተሸከመችው ሰው በትከሻው ካርቶን ተሸክሞ የዘመድ በር ያንኳኳል። አራቱን ከዕቁቤ ገዛሁት። አዘንኩለታ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ይበርድ ነበር። የደሱቂ ልብ ግን «አዘንኩለት» የምትለዋን ቃል ይዞ እንደ ውሻ አጥንት መቆርጠም ጀመረ። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ጋሪ ሲገፋ፣ ረመጥ ክንዱን ሲጠብሰው፣ ለሱ አንድ ቀን አዝናለት አታውቅም።

«እና በላሽው?»

«አንዱን ቀመስኩት። ምን ላድርግ? ፉል ሻጭ አግብቼ ሃያ ስድስት ዓመት የማሰሮ ቂጥ ነው የምበላው። ለስላሳው ለባቡር ነጂ፣ ለስላሳው ለጀርመን! አንድ ቀን የሰው ፉል ብበላ አይፈረድብኝም።»

«እንዴት ነው?» ጥያቄው ከአፉ ያመለጠ ነበር።

ኢንሻራህ አሰብ አደረገች። «አይከፋም።»

«እወደዋለሁ» ብትለው ይሻለው ነበር። ቀጥሎ ያለችውን ለመስማት ጊዜ ወሰደበት። ማሰሮውን ደፍተን እንጠብ፣ ይህን እንገልብጥበት፣ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን፣ ከሙኑንና የተልባ ዘይቱን እኔ እሠራዋለሁ ትላለች። ደሱቂ ዘለለ። «በፍቺ እምላለሁ፣ ይህ ነገር ማሰሮዬ ውስጥ አይገባም!» አለ። «ማል እንግዲህ» አለች ኢንሻራህ የቆርቆሮ መክፈቻ እየፈለገች፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦታህ ላይ ጎጆ ሲተክሉ ሚስትም ፉልም አይኖርህም።» ደሱቂ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ካርቶን ክር በጠሰ።

መክፈቻው ሠላሳ አንደኛው ላይ ተሰበረ። የቀረውን በቢላ ከፈተው፤ አርባኛው ላይ አውራ ጣቱን ቆረጠው፤ ኢንሻራህ ከአሮጌ ትራስ ጨርቅ ቀድዳ አሰረችለት። ቤቱ በቆርቆሮ ውሃ ሽታ ታፈነ። ወለሉ ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ መትወሊ ሆነ፤ ዘጠና አምስት መትወሊ፣ ከመስኮቱ ጋር ዘጠና ስድስት፣ ሁሉም በሠላሳ ሁለት ጥርስ። ደሱቂ እያንዳንዱን ባዶ ባደረገ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ ይደረድራል፤ ረድፉ ሞልቶ ሲናድ ደግሞ ሁሉም ተንከባለው ወደሱ ዞሩ። ኢንሻራህ በትልቁ ድስት ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ ፉሉን በሁለት ዙር አፍልታ፣ የቆርቆሮውን ውሃ አጥፍታ፣ ቅመሟን አስገብታ ወደ ቂድራው ገለበጠችው። ሽታው ደረጃውን ወርዶ ሲሄድ የታችኛው ቤት ሴትዮ «ኡም ናድያ፣ ዛሬ ምን አግኝታችሁ ነው?» ብላ ጮኸች። ደሱቂ አልቀመሰም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሳይቀምስ ከቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ወጣ። በተቆረጠ ጣት ሽንኩርት መክተፍ ስላልቻለ ኢንሻራህ ጥቁር መጎናጸፊያዋን ደርባ ከኋላው ተከተለች። ባሏን በሥራው ቦታ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሦስተኛው በር ሰው በሰው ሆነ። ግማሹ ሕዝብ አሮጌውን ግራጫ መለያ ከሣጥን አውጥቶ ለብሷል፤ ሆዱ ላይ አልደርስ ያለው በመርፌ ቁልፍ አያይዞታል። «ሸልባያ ክለባችንን አሸገው! በቆርቆሮ አርጎ ሸጠው!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ከጋሪው ትይዩ የድርጅቱ ሰማያዊ ጎጆ ቆሟል፤ ሳህኑ ሠላሳ ፓውንድ፣ ከላስቲክ ማንኪያ ጋር። ጎጆው ፊት መትወሊ ትከሻው ላይ የጠበበ ሰማያዊ ኮት ለብሶ ለሚያልፈው ሁሉ እጁን ይዘረጋል። ማንም አይጨብጠውም። ደሱቂ ዘንድ ሳህኑ አሥራ አምስት ነው፤ ሰልፉ እስከ ባቡር ሐዲዱ ተዘርግቷል። ስም ዝርዝር የያዘ አንድ የድርጅቱ ጸሐፊ መጥቶ ደሱቂን አየ፣ ማሰሮውን አየ፣ ምልክት አደረገና አንድ ሳህን ገዝቶ ሄደ። ቦታው ተረፈ። ደሱቂ ግን ደስ ሊለው አልቻለም፤ ጭልፋውን በሰደደ ቁጥር የሚቀዳው የሰውዬውን ጥርስ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚፈራው ሂላልን ነበር። ሂላል ጡረታ የወጣ የባቡር ማሞቂያ ሠራተኛ ነው፤ ሰማንያ ዓመቱ፣ ጆሮው አይሰማም፣ ምላሱ ግን የጣንጣ ዳኛ ነው። ሽማግሌው ዳቦ ቆርሶ ዛቀ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ። ሰልፈኛው ጠበቀው።

«ደሱቂ» አለ።

«አቤት አባቴ።»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስትዋሸን ኖረህ ዛሬ ገና ፉል ሠራህ። ድገመኝ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ደሱቂ ጭልፋውን ይዞ ቆመ። ሰው በራሱ ማሰሮ ይቀናል? ቀና። የሱን ባቄላ፣ ሌሊቱን ሙሉ በረመጥ ያደረውን፣ ሂላል አንድ ቀን «ድገመኝ» ብሎት አያውቅም። ፈርዖኑ አሸነፈው።

ይሄኔ ነው ከሰልፉ አንዱ ወደ ማዶ ዞሮ የጮኸው። «መትወሊ! አንተ የቆርቆሮው ሙሽራ! ና፣ ፉል ምን እንደሆነ ቅመስ!» ሌላው ተቀበለው፤ «ጥርስህን በስንት በስንት ገዙህ?» «ግንባርህንም ሸጥከው? በግንባርህ ነበር የምንወድህ!» መትወሊ መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሰዉ ዞር እያለለት፣ ጋሪው ድረስ መጣ። ሲቀርብ ኮቱ ብብቱ ላይ መተርተሩ ታየ።

«ሰላሙ አለይኩም ደሱቂ። እንዴት ነሽ ያጎቴ ልጅ?»

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ኢንሻራህ፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሣ።

ደሱቂ ሳህኑን ሞላለት። መትወሊ ጎረሰ። ይህ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ከዚያ ቆርቆሮ በቀር የቀመሰው የለም፤ በሕልሙ ቢያቀርቡለት ያውቀዋል። ማላመጡን አቆመ። ማሰሮውን አየ። የደሱቂን የታሰረ አውራ ጣት አየ። ኢንሻራህን አየ፤ በእጇ ያለው ቢላዋ ቆሟል። መቶ ሰው፣ ደሱቂ ሲያወራው ሦስት ሺህ ሰው፣ አፉን እያየ ይጠብቃል። «ይህማ የኛው ነው» ቢል ደሱቂ ከዚያ በር ብቻ ሳይሆን ከከተማው ይሰደዳል። መትወሊ ዋጠ። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ስሙኝ እናንተ! ፉል ማለት ይህ ነው። እዚያ ማዶ ያለው ፊቴ ብቻ ነው።»

ጩኸቱ የስታዲየሙን ርግቦች አስበረገገ። ጎጆው ውስጥ ያለው ሥራ አስኪያጅ አንገቱን አውጥቶ አየ፤ ወዲያው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። መትወሊ የወር ደመወዙን፣ ስምንቱን ካርቶን፣ በዚያች ቃል እዚያው ቆሞ በላው። ኢንሻራህ ደግሞ ቀና ብላ ያጎቷን ልጅ አየችው። ዓይኗ ቢረጥብም ሽንኩርቱ ነው ቢባል ይታመናል፤ ግን ደሱቂ ያንን አስተያየት ለማግኘት ሃያ ስድስት ዓመት የጀርመን ቁጥር ሲጨምር ኖሯል። ሰውዬው አንዴ ሚስት ሰጠው፤ አሁን ደግሞ መልካም ስም ሰጠው። ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ፣ ባንድ እጅ። ይህን መሸከም ከሰው አቅም በላይ ነበር።

«ውሸቱን ነው!» አለ ደሱቂ። ጭልፋውን ማሰሮው ጫፍ ላይ መታው። «ውሸቱን ነው! ከቆርቆሮ ነው! የሸልባያ ነው የምትበሉት! የኔን በጨው አበላሽቼው ነው፤ ዘጠና አምስት ቆርቆሮ በዚህ እጄ ከፍቼ ገለበጥኩበት። ጣቴን እዩት! እሱም አውቆታል፤ አውቆ ነው የሸፈነልኝ!»

ሂላል አጠገቡ ያለው ሰው የተባለውን ጆሮው ላይ ሲጮህለት ሣቁን ለቀቀው፤ ዳቦው ከአፉ ወደቀ። «አምና ጀርመን፣ ዘንድሮ ቆርቆሮ!» ሰዉ ተንከተከተ። «ወላሂ!» አለ ደሱቂ። ባሰባቸው። «በጣንጣው ወሊይ፣ በሰይድ በደዊ!» ሲል እርስ በርሳቸው ተደጋገፉ። «ሚስቴ ትመስክር!» ሲል ሁለቱ መሬት ተቀመጡ። ሰልፉ በመፍረስ ፈንታ እጥፍ ሆነ። «ለኔ አንድ ሳህን የሸልባያ!» «ለኔ ፈርዖኑን አብዛልኝ!» «ዘጠና አምስት ነው ያልከው? ማታ ሦስት መቶ ይገባል!» ደሱቂ ከተወለደ ጀምሮ ከአፉ የወጣችውን አንዲት እውነት የሚገዛው አጣ፤ ፉሉ ግን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ተሸጠ።

ያመኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ መትወሊ አፉን በኮቱ እጅጌ ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ኢንሻራህ መጎናጸፊያዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ሁለቱ ያጎት ልጆች እንደ ሕፃን፣ እየተያዩ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሣቁ። ደሱቂ ሚስቱ እንዲህ እንደምትስቅ አያውቅም ነበር።

ፊሽካው ተነፍቶ ሰዉ ወደ ውስጥ ሲጎርፍ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ሰማያዊውን ኮት ከመትወሊ ተቀበለ፤ አጣጥፎ ይዞት ሄደ። መትወሊ በስስ ሸሚዝ፣ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ ቆመ። ከግድግዳው ወዲያ በአራተኛው ደቂቃ የእንግዶቹ ደጋፊዎች «ጎል!» ብለው ጮኹ። ሦስቱም ወደ ግድግዳው አዩ።

«ሥራ ፈትተህ ከምትገለፍጥ» አለ ደሱቂ በመጨረሻ፣ «የተረፈውን ሽንኩርት ላጥ። ለዕረፍት ሰዓት ሰላጣ እንሸጣለን።»

«የት ልቀመጥ?»

ደሱቂ ወደ ሰውዬው አየ፤ ወደ ሚስቱ አየ። ከኢንሻራህ ጎን ሰፊ ቦታ ነበር፤ ጥላም ነበረው። ባዶውን ሣጥን አነሣና ከጋሪው ወዲያኛው ወገን፣ ፀሐዩ ላይ አኖረለት። ከዚያ ቂድራውን፣ ገና ያልበረደውን፣ በሁለት ክንዱ አቅፎ፣ ደረቱ እየጋለ፣ አምጥቶ በሁለቱ መካከል አቆመው።